የቤተ ሰብዎ የወር ገቢ ስንት ነው?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን ከ12ኛ ክፍል ተማሪዎች አንዱ ያደረገው ንግግር)



 በእንደዚህ ያለ ቀን ተናጋሪዎች አብዛኛውን ጊዜ ስለ ትምህርት ጥቅም ይናገራሉ። የትምህርት ጥቅም ግን እዚህ ለተሰበሰብነው ሁሉ የታወቀ ስለ ሆነ፤ እኔ ወደ ትምህርት በሚያስገባው በር ላይ ስለ ቆመች አንዲት አጭር ጥያቄ ልናገር አስቤአለሁ። ይህችም የክፍያ ቅነሳ በሚጠየቅበት ቅጽ ላይ «የቤተ ሰብዎ የወር ገቢ ስንት ነው?» ተብላ የተጻፈችው ናት።

አባቱ ደመወዝተኛ ለሆነ ልጅ የዚህች ጥያቄ መልስ ቀላል ነው። መሥሪያ ቤቱ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይጽፍለታል፤ ነገሩም በዚያው ያልቃል። ነገር ግን ከእኛ መካከል የገበሬ፤ የሸማኔ፤ የቀን ሠራተኛና የጉሊት ነጋዴ ልጆች የሆንን ብዙዎች ነን። ለእነዚህ ወላጆች ደብዳቤ የሚጽፍላቸው አሠሪ የለም። ገቢያቸውም ዛሬ ሞልቶ ነገ የሚጎድል ስለ ሆነ፤ ስንት እንደ ሆነ እነርሱ ራሳቸው በትክክል አያውቁትም። ይህን የምናገረው ከሰው ሰምቼ ሳይሆን በቤቴ የደረሰ ስለ ሆነ ነው።

እናቴ እንጀራ ጋግራ በመሸጥ እኔንና ሦስት ታናናሾቼን ታስተዳድራለች። 10ኛ ክፍል ሳለሁ ክፍያው ስለ ከበደን ቅጹን ወሰድሁ። ከቅጹ ጋር ከምንኖርበት ቀበሌ የተጻፈ የገቢ ማረጋገጫ እንዲያያዝ ታዝዞ ነበር። እናቴም ሥራዋን ትታ፤ ሦስት ጎረቤቶች ለምስክርነት ይዛ ሄደች። ሁለት ቀን ተመላልሰን በሦስተኛው ቀን ጸሓፊውን አገኘነው። ጸሓፊው ቅን ሰው ነበረና ሊረዳን ፈለገ። «እማማ፤ ‹ምንም ገቢ የላቸውም› ብዬ ልጻፍልዎት፤ እንደዚያ ካልሆነ አይቀበሉዎትም» አላት። እናቴም፤ «ልጄ፤ ምንም ገቢ ከሌለኝ በሌሊት እየተነሣሁ የምጋግረው ለምንድን ነው? እነዚህስ ልጆች በምን አደጉ? ያለኝን ጻፍልኝ» አለችው። እሱም፤ «ያለዎትን ስንት ብዬ ልጻፍ?» ሲል ጠየቃት። በዚህ ጊዜ እናቴ ዝም አለች፤ እኔም ዝም አልሁ። ደብዳቤውን ሳንይዝ ተመለስን።

በመንገድ ላይ ተናድጄ ነበር። ጸሓፊው የሰጠንን ዕድል እናቴ በገዛ እጅዋ የጣለችው መስሎኝ ነበርና ቤት እስክንደርስ አላነጋገርኋትም። በዚያን ጊዜ የማመልከቻው ቀን ስላለፈ፤ እናቴ አሮጌውን ምጣድ በአዲስ የኤሌክትሪክ ምጣድ ለመለወጥ በእቁብ ታጠራቅመው የነበረውን ገንዘብ አውጥታ የመጀመሪያውን ግማሽ ዓመት ክፍያ ከፈለችልኝ። ይህን ባየሁ ጊዜ ንዴቴ ወደ ኀፍረት ተለወጠ። በዚያው ማታ አንድ ደብተር ከፍቼ፤ «ከዛሬ ጀምሮ የገባውንና የወጣውን ንገሪኝ፤ እኔ እጽፋለሁ» አልኋት።

ከዚህ ደብተር የተማርሁት ለብዙዎቻችሁ ይጠቅማል ብዬ ስለማምን በአጭሩ ላስረዳ።

አንደኛ፤ ሽያጭና ገቢ አንድ አለመሆናቸውን ተማርሁ። በአንድ ወር ውስጥ ከተሸጠው ከየ100 ብሩ 64ቱ ለጤፍ፤ 4ቱ ለወፍጮ፤ 9ኙ ለማገዶ፤ 3ቱ ለመጓጓዣና ለልዩ ልዩ ይወጣ ነበር። የቀረው 20 ብር ብቻ ነው። እናቴን «በቀን ስንት ትሸጫለሽ?» ብሎ የሚጠይቃት ሰው በ5 እጥፍ ባለጸጋ ያደርጋታል፤ «ምንም የላትም» ብሎ የሚጽፍላት ደግሞ ድካምዋን ሁሉ ይሰርዛል። እውነቱ ያለው በሁለቱ መካከል ነው፤ የሚገኘውም በሂሳብ ነው።

ሁለተኛ፤ አንድ ወር ዓመቱን ሙሉ አያሳይም። ሸማኔው ከጥምቀትና ከፋሲካ በፊት ጥሩ ይሸጣል፤ በክረምት ግን ሥራው ይቀዘቅዛል። ቡና የሚለቅመው ገበሬ የዓመቱን ገንዘብ የሚያገኘው በጥቂት የመከር ወራት ነው። እንዲህ ያለውን ሰው በኅዳር ብትጠይቁት ሀብታም፤ በሐምሌ ብትጠይቁት ባለ ዕዳ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ስለዚህ የዓመቱን ገቢ ደምሮ ለ12 ማካፈል ትክክለኛው መንገድ ነው።

ሦስተኛ፤ ገቢው ለስንት ሰው እንደሚበቃ መታወቅ አለበት። ለምሳሌ በወር 6,000 ብር የሚያገኙ ሁለት ቤተ ሰቦች ቢኖሩና አንደኛው 3 ሰው፤ ሁለተኛው 8 ሰው ቢኖሩበት፤ በመጀመሪያው ቤት ለአንድ ሰው 2,000 ብር ሲደርስ በሁለተኛው የሚደርሰው 750 ብር ብቻ ነው። በወረቀት ላይ እኩል ናቸው፤ በማዕድ ላይ ግን እኩል አይደሉም።

አራተኛ፤ በእጅ የገባ ገንዘብ ሁሉ ገቢ አይደለም። በሁለተኛው ግማሽ ዓመት እንደ ገና ባመለከትን ጊዜ የባንክ ሂሳብ መግለጫ አያይዘን ነበር። በመግለጫው ላይ ያ የእቁብ ገንዘብ በአንድ ቀን ገብቶ ስለ ታየ፤ መርማሪዎቹ «ይህ ከየት መጣ?» ብለው ጠየቁን። መጠየቃቸው ትክክል ነበረ። እኛም እቁብ ማለት ሰው የራሱን ቁጠባ ተራው ሲደርስ መልሶ የሚወስድበት መሆኑን፤ በየሳምንቱ የከፈለችበትንም ከደብተሩ አሳየን። ብድርም እንደዚሁ ነው። በ2013 ዓ.ም. ቴሌብር ከተጀመረ ወዲህ ብዙ ነጋዴ ገንዘቡን በስልክ ስለሚቀባበል ማስረጃ ማግኘት ቀሎአል፤ ነገር ግን መግለጫው የሚያሳየው የተላለፈውን እንጂ የተረፈውን ስላልሆነ፤ አጠገቡ ማብራሪያ ያስፈልገዋል።

ጓደኞቼ ሆይ፤ ይህ ችግር የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በደቡብ አፍሪካ በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ የተቋቋመው የተማሪዎች የገንዘብ ድጋፍ ድርጅት፤ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዓመት ገቢያቸው ከ350,000 ራንድ የማይበልጥ ቤተ ሰቦችን ልጆች ለመርዳት ወሰነ። ከወሰኑ በጥቂት የሚያልፉት ግን ከሁለቱም ወገን ሳይሆኑ ቀሩ፤ መክፈል አልቻሉም፤ ድጋፍም አላገኙም። ሆኖም ከዚያ አገር አንድ መልካም ነገር እንማራለን። ከመንግሥት የማኅበራዊ ድጎማ የሚቀበል ቤተ ሰብ ልጅ፤ ችግሩ አስቀድሞ የተመረመረ ስለ ሆነ እንደ ገና ገቢውን እንዲያስረዳ አይጠየቅም።

በአገራችንም በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ተረጂዎችን የሚመርጠው ጎረቤት ተሰብስቦ በመመካከር ነው። በማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድንም መክፈል የማይችሉ ሰዎች በቀበሌያቸው ተለይተው ይመዘገባሉ። እነዚህ መዝገቦች ካሉ፤ ያው ቤተ ሰብ ለልጁ ትምህርት ሲል ምስክር ይዞ እንደ ገና ለምን ይንከራተታል? ጎረቤት ከማንኛውም ወረቀት ይልቅ የጎረቤቱን ጓዳ እንደሚያውቅ የታወቀ ነው። እርግጥ ነው፤ ጎረቤት ዘመድ ያዳላል፤ የተጣላውንም ይበድላል፤ ስለዚህ ምስክርነቱ ብቻውን አይበቃም።

ወደ ዩኒቨርሲቲ ስንገባ ደግሞ ሌላ አሠራር ይጠብቀናል። በወጪ መጋራት ደንብ መሠረት ተማሪው የአባቱን ሀብት ሳይጠየቅ ውል ይፈርምና፤ ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከገቢው ይከፍላል። አውስትራሊያ በ1989 እ.ኤ.አ. የጀመረችው አሠራርም ይህን የመሰለ ነው። በዚህ መንገድ የሚመዘነው ልጁ ራሱ ወደ ፊት የሚያገኘው ደመወዝ ስለ ሆነ፤ እናቱ ምስክር ይዛ አትመላለስም። ነገር ግን ይህ የሚረዳው እስከዚያ በር የደረሰውን ነው። በ9ኛ ክፍል ወድቆ የሚቀረውን አያነሣውም።

ስለ እኛ ጉዳይ መጨረሻውን ልንገራችሁ። በደብተሩ መሠረት ግማሽ ክፍያ ተቀነሰልን። ጸሓፊው እንዳለው ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ሙሉው በተቀነሰልን ነበር። የቀረውን ግማሽ ለመክፈል እናቴ በሌሊት ከቀድሞው ቀደም ብላ መነሣት ጀመረች፤ እኔም ውኃ መቅዳቱንና እንጀራውን ወደ ደንበኞች ማድረሱን ያዝሁ። አዲሱ ምጣድ እስከ ዛሬ አልተገዛም። እውነት መናገር ዋጋ አያስከፍልም የሚላችሁ ሰው ቢኖር አትመኑት። ሆኖም በዚያ ቅጽ ላይ ያለው ቁጥር ማንም ቢጠይቀኝ ሳላፍር የማስረዳው ቁጥር ነው።

አንድ የክፍሌ ጓደኛ ግን ይህንንም ዕድል አላገኘም። አባቱ የቀን ሠራተኛ ስለ ነበረ ከአንድ ሰፈር ወደ ሌላ እየተዘዋወሩ በኪራይ ቤት ይኖሩ ነበር። የሚኖሩበት ቀበሌ «እዚህ አልተመዘገባችሁም» አላቸው፤ የለቀቁትም ቀበሌ «ከዚህ ለቃችኋል» አላቸው። በሂሳብ ትምህርት ከሁላችን የሚበልጠው ያ ልጅ ዛሬ የታክሲ ረዳት ሆኖ ሂሳብ ይቀበላል። ባገኘኝ ቁጥር ይስቃል፤ እኔ ግን መሳቅ ያቅተኛል። ችግረኛ አለመሆኑን ያወቀ ማንም አልነበረም፤ ችግረኛነቱን የሚጽፍለት ብቻ ታጣ።

ስለዚህ በበዓላችን ቀን በታላቅ አክብሮት ሦስት ነገር እለምናለሁ። የመጀመሪያው፤ የቀበሌ ደብዳቤ ማግኘት ላልቻለ ተማሪ የቤት ሂሳብ ደብተርና የሁለት መምህራን የቤት ጉብኝት እንደ ማስረጃ እንዲቆጠርለት ነው። ሁለተኛው፤ ቅጹ ወጪንና የቤተ ሰብ ቍጥርን፤ የዓመቱንም ገቢ እንዲጠይቅ ነው። ሦስተኛው፤ የሚረዱ ተማሪዎች ስም በሰልፍ ላይ እንዳይነበብ ነው፤ ከኀፍረት የተነሣ ሳያመለክት የሚቀር ብዙ ነውና።

ለታናናሾቼም ምክር አለኝ። ማመልከቻው እስኪደርስ አትጠብቁ፤ ዛሬ ማታ ደብተር ክፈቱ። ወላጆቻችሁ መጻፍ ባይችሉ እናንተ ትችላላችሁ፤ የተማራችሁትም አንዱ ለዚህ ነው። ደረሰኝ አትጣሉ። ያለውን አትደብቁ፤ የሌለውንም አትጨምሩ።

እናቴ ዛሬ ከኋላ ተቀምጣለች። ከጸሓፊው ዘንድ በተመለስንበት ቀን በመንገድ ላይ ስላኮረፍኋት እስከ ዛሬ ይቅርታ አልጠየቅኋትም ነበር፤ አሁን በፊታችሁ እጠይቃታለሁ።

 ትምህርት ቤታችን ለብዙ ዘመን ያብብ!