ትንሿን የቄጠማ እንቁራሪት በመስተዋት ሣጥን ስለ ማኖር
(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



ስለ ድልድይና ስለ መስኖ ቦይ ሲነጋገር ለኖረ ጉባኤ ስለ እንቁራሪት መናገር ድፍረት ሳይመስል አይቀርም። ይሁን እንጂ ነገሩ ከሙያችን የራቀ አይደለም፤ የውሃ፣ የሙቀትና የአየር ዝውውር ጉዳይ ነውና።

ከጣራ ገዳም ተራራ ግርጌ አንሥቶ በወረታ በኩል እስከ ጣና ዳር በሚዘረጋው ሜዳ፣ በክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሲፈሱ ውሃ ይተኛበታል። ያን ጊዜ ማታ ማታ ከቄጠማውና ከደንገሉ መካከል ጉሮሮውን እንደ ፊኛ ነፍቶ የሚጮኸው ትንሽ ወንድ እንቁራሪት ርዝመቱ ሦስት ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ዱሜሪልና ቢብሮን የተባሉ ፈረንሳውያን ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1841 ስለዚህች እንቁራሪት የጻፉት ከአገራችን በተወሰደ ናሙና ላይ ተመሥርተው ሲሆን፣ ዛሬ የሳይንስ ስሟ ሃይፐሮሊየስ ቪሪዲፍላቩስ ነው።

እንቁራሪት በአፏ ውሃ አትጠጣም። የሚያስፈልጋትን ውሃ የምትስበው በቆዳዋ ነው፤ ከምትተነፍሰውም አየር ከፊሉ የሚገባው በዚያው ነው። ስለዚህ የቧንቧ ውሃ ክሎሪኑ እስኪወጣ ድረስ ቢያንስ አንድ ቀን በሰፊ ዕቃ ተከፍቶ ማደር አለበት። በሳሙና የታጠበ እጅም ሳይለቀለቅ ወደ ሣጥኑ አይገባም።

ሣጥኑ ቁመቱ ከወርዱ ይበልጥ፤ እንስሳዪቱ ወደ ላይ መውጣት ትወዳለችና። ከሥር ጠጠር፣ ከጠጠሩ በላይ ወንፊት፣ ከወንፊቱ በላይ አፈርና ተክል ይሁን። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እርጥበቱ እንዳያመልጥ ብሎ ሣጥኑን ጥርቅም አድርጎ በመዝጋት ነው። መስተዋቱ ቀኑን ሙሉ ያልበዋል፤ ሻጋታ ይይዛል፤ የእንቁራሪቷም ቆዳ ይታመማል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ በፊት ለፊት ከታች አንድ ጠባብ የሽቦ ወንፊት፣ ከላይም ሰፋ ያለ ወንፊት ቢደረግ ሞቃቱ አየር ሲወጣ ቀዝቃዛው ይገባል። ጧት ውሃ የተረጨ መስተዋት እኩለ ቀን ላይ ደርቆ ከተገኘ አየሩ እየተዘዋወረ ነው ማለት ነው።

በውጭ አገር የተጻፉ መመሪያዎች ግን እንዳሉ አይሠሩልንም። ፎገራ ከባሕር ወለል በላይ 1800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሚገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል፤ ውሃም ፈጥኖ ይተናል። የእርጥበት መለኪያ ገዝቶ መመልከት ከማንኛውም መጽሐፍ ይሻላል። ፀሐይ በቀጥታ የሚመታው መስተዋት ደግሞ በጥቂት ጊዜ ምድጃ ይሆናል።

እዚህ ላይ አንድ አስደናቂ ነገር ልጨምር። በምዕራብ አፍሪካ ሳቫና የምትኖር የዚህች እንቁራሪት የቅርብ ዘመድ በበጋ በደረቀ ግንድ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ውሃ ሳታገኝ ለሳምንታት ትቀመጣለች። ቆዳዋ ይነጣና የፀሐይን ብርሃን መልሶ ያንጸባርቃል። በሽንት ሊወጣ ይገባው ከነበረው ቆሻሻ ከፊሉ ጓኒን የተባለ ቅንጣት ሆኖ በቆዳዋ ይከማችና የማንጸባረቁን ሥራ ያግዛል። ከእኛ መካከል ቆሻሻ ማስወገጃንና የሙቀት መከላከያን በአንድ ዕቃ የነደፈ ማን አለ? ይህ ዝግጅት ግን ቀስ በቀስ የሚመጣ ነውና፣ ሣጥን ውስጥ በድንገት የተጠማችን እንቁራሪት አያድናትም።

ምግቧ ሕያውና የሚንቀሳቀስ መሆን ይገባዋል። የበሰለ ሙዝ ልጣጭ ላይ የሚራቡት ትንንሽ ዝንቦች፣ የካልሲየም ዱቄት ተነስንሶባቸው፣ በቂ ናቸው።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ከሣጥኑ የሚወጣው ነገር ነው። የእንቁራሪትን ቆዳ የሚያጠቃ አንድ ፈንገስ በአውስትራሊያና በመካከለኛው አሜሪካ ብዙ ዝርያዎችን ፈጅቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናትም በአገራችን እንቁራሪቶች ላይ መገኘቱን አመልክቷል። በውሃና በእርጥብ አፈር ይጓዛል። ከሩቅ አገር ውሃ የመጣ አንድ ተክል ምን ሊያደርግ እንደሚችል ለጣና ዳር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም፤ እምቦጭን አይቷል። ስለዚህ ከጅማ የመጣች እንቁራሪት በፎገራ አትለቀቅ፤ በሣጥን የኖረችም፣ አዘንኩላት ተብሎ፣ ወደ ርብ አትመለስ። ለማኖር የሚሻ ሰው ከዱር እንስሳት ባለሥልጣን ፈቃድ ይጠይቅ፤ ከአንድ ኩሬ ብቻ ጥቂት ይያዝ፤ እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ ሊጠብቃት የማይችል ደግሞ በክረምት ማታ የእጅ ባትሪ ይዞ ወደ ማሳው ዳር ቢወርድ ይበቃዋል።

ሣጥኑ ሲጸዳ የሚወጣው ውሃ ወደ ቦይ አይደፋም፤ አስቀድሞ ይፈላል። ጠጠሩም አብሮ ይቀቀላል።