የተሸነፍሁበት ጨዋታ ምን አስተማረኝ?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የሰንጠረዥ ክበብ አባል የሆነ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ያደረገው ንግግር)



በዚህ በደስታችን ቀን ስለ ሰንጠረዥ ጨዋታ ጥቂት ቃል እንድናገር ስለ ተፈቀደልኝ ከሁሉ አስቀድሜ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። በእንዲህ ያለ ቀን ከመድረክ ላይ የሚቆም ሰው አብዛኛውን ጊዜ ያሸነፈበትን ነገር ይናገራል። እኔ ግን የምነግራችሁ ስለ ተሸነፍሁበት ጨዋታ ነው፤ ምክንያቱም ካሸነፍኋቸው ጨዋታዎች ሁሉ ይልቅ ያ አንድ ሽንፈት ስለ ጠቀመኝ ነው።

እንደሚታወቀው ሰንጠረዥ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። አባቶቻችን ይጫወቱት የነበረው ሰንጠረዥ የሚጀመረው «ወረራ» በሚባለው ክፍል ነበር። በወረራ ጊዜ አንዱ የሌላውን እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ ጦራቸውን እንደ ፈቀዱ ያሰልፉ ነበር። እንዲህ ያለውን ጨዋታ በዓይን መከታተል እንጂ እያንዳንዱን እርምጃ በወረቀት ማስፈር አስቸጋሪ ነው። ዛሬ በክበባችን የምንጫወተው፣ ቼዝ የሚባለው ዓለም አቀፍ ሰንጠረዥ ግን በተራ ስለሚሄድ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይጻፋል። ገበታው 64 ቤቶች አሉት፤ ዓምዶቹ ከኤ እስከ ኤች ባሉት የእንግሊዝኛ ፊደሎች፣ ረድፎቹም ከነጩ ወገን ጀምሮ ከ1 እስከ 8 ባሉት ቁጥሮች ይጠራሉ። ስለዚህ «ፈረስ ወደ ኤፍ 3» ብሎ የጻፈ ሰው ያንኑ ጨዋታ ከዓመት በኋላ እንኳ መልሶ ሊያየው ይችላል።

ባለፈው ዓመት በክበባችን ውድድር ከእኔ በሁለት ክፍል ከሚያንስ ልጅ ጋር ተገጠምሁ። እኔ ጥቁሩን ይዤ ነበር። በ10 እርምጃ ብቻ ንጉሤ መውጫ አጣና ጨዋታው አለቀ። የከበቡን ልጆች ሳቁ። እኔም ለአንዱ «ሌሊት እንቅልፍ አልነበረኝም» አልሁት፤ ለሌላው «ከመጽሐፍ ሸምድዶ መጥቶ ነው» አልሁት፤ አባቴ ውጤቱን በጠየቀኝ ጊዜ ደግሞ «ራሴን አሞኝ ነበር» ብዬ መለስሁለት። ጨዋታውን የጻፍሁበትን ወረቀት አጣጥፌ በሱሪዬ ኪስ ሸሸግሁት፤ ከክበቡም ለመውጣት ቆርጬ ነበር።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነው። በማግሥቱ የተቀደደ ኪሴን ሲጠግን ወረቀቱን አገኘና «ይህ ምንድን ነው?» አለኝ። ያን ጊዜ እውነቱን ነገርሁት። «ታዲያ የተሳሳትኸው የት ላይ ነው?» አለኝ። እኔም ወደ መጨረሻው ግድም ያለውን 7ኛውን እርምጃ አሳየሁት። አባቴ ሰንጠረዥ አይጫወትም፤ ነገር ግን እንዲህ አለኝ፦ «ልጄ፣ ልብሱ መጥበቡ የሚታወቀው ሲለበስ ነው፤ ጥፋቱ ግን የተሠራው መቀሱ በገባ ጊዜ ነው። እስቲ ወደ ኋላ ተመልሰህ እየው።»

በዚያ ምሽት ገበታውን ዘርግቼ ጨዋታውን እንደገና ደረደርሁት። እርሱ ወታደሩን ወደ ኢ 4፣ እኔም የእኔን ወደ ኢ 5 አወጣን። እርሱ ፈረሱን ወደ ኤፍ 3፣ እኔ ፈረሴን ወደ ሲ 6፤ እርሱ ጳጳሱን ወደ ሲ 4፣ እኔ ሁለተኛውን ፈረሴን ወደ ኤፍ 6። በ4ኛው እርምጃ ፈረሱን ወደ ጂ 5 አሻገረ፤ ፈረሱና ጳጳሱም አንድ ላይ ሆነው ከንጉሤ በቀር ጠባቂ የሌለውን የኤፍ 7ን ቤት አነጣጠሩ። እኔ ወታደሬን ወደ ዲ 5 ገፍቼ የጳጳሱን መንገድ ዘጋሁ፤ እስከዚህ ድረስ ደኅና ነበር። በ5ኛው እርምጃ ወታደሬን በወታደሩ በላው፤ እኔም ወዲያው ያን ወታደር በኤፍ 6 ፈረሴ በላሁት። በ6ኛው ፈረሱን ኤፍ 7 ላይ ሠዋ፤ ንግሥቴንና ግንቤን ባንድ ጊዜ ስለ ያዘብኝ በንጉሤ በላሁት። በ7ኛው ንግሥቱ ወደ ኤፍ 3 ወጥታ ንጉሤን «ቼክ» አለችው፤ ዲ 5 ላይ የቆመውንም ፈረሴን አስፈራራችው። እኔ ንጉሤን ወደ ጂ 8 መለስሁት። ጳጳሱ ፈረሴን በልቶ ቼክ አለኝ፤ ጳጳሱን በንግሥቴ በላሁት፤ የእርሱም ንግሥት ንግሥቴን በላችና እንደገና ቼክ አለች። በጳጳሴ ኢ 6 ላይ ብጋርድ እርሱንም በላችው፤ ንጉሤ በገዛ ሠራዊቱ ታጥሮ በዚያው ቀረ።

በ7ኛው እርምጃ መሳሳቴ እውነት ነው። ንጉሡን ወደ ኢ 6 ማውጣት ቢያስፈራም ፈረሱን ይጠብቅልኝ ነበር፤ ጨዋታውም ከባድ ቢሆን እንኳ ገና ባላለቀ ነበር። ነገር ግን አባቴ እንዳለው ወደ ኋላ ስመለስ መቀሱ የገባው በ5ኛው እርምጃ ላይ ሆኖ አገኘሁት። ያን ወታደር በፈረስ ከመብላት ይልቅ ሲ 6 ላይ የነበረውን ፈረሴን ወደ ኤ 5 ወስጄ ጳጳሱን ማስፈራራት ይገባኝ ነበር፤ ስለ ሰንጠረዥ የጻፉ ብዙ ሊቃውንት የሚመክሩትም ይህንኑ ነው። አንድ ወታደር ባጣም ንጉሤ በሰላም በተቀመጠ ነበር።

ከዚህ በኋላ «ለምን እንዲህ አደረግሁ?» ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። እውነተኛው መልስ አጭርና አሳፋሪ ነበር፦ ስለ በላኝ በላሁት። ያ ፈረስ ጂ 5 ላይ ምን ፈልጎ እንደ ቆመ አልጠየቅሁም። ሌሎችን የተሸነፍሁባቸውን ጨዋታዎች ባወጣ ከግማሽ በሚበልጡት ውስጥ ይኸው ጠባይ ተቀምጦ አገኘሁት። ለካ ያሸነፈኝ ያ ልጅ ብቻ አልነበረም፤ የራሴ ችኮላ ጭምር ነበር። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የተባለው ለእኔ የተነገረ መሰለኝ።

ኀፍረቴን ዋጥ አድርጌ ያን ልጅ አብሮኝ ጨዋታውን እንዲያይ ለመንሁት። በደስታ ተቀመጠ፤ እንዲህም አለኝ፦ «ንጉሥህን ወደ ኢ 6 አውጥተኸው ቢሆን ኖሮ ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር።» እንግዲህ አሸናፊውም የሚማረው ነገር ነበረው። ዛሬ በክበባችን ከሁሉ አብልጬ የምጫወተው ከእርሱ ጋር ነው።

ውድ ጓደኞቼ፤ ከዚያ ወዲህ የምከተለው ሥርዓት ይህ ነው። አንደኛ፣ ጨዋታዬን ሁሉ፣ ያሸነፍሁትንም ጭምር፣ እጽፋለሁ፤ ድል ስሕተትን ይሸፍናልና። ሁለተኛ፣ ጨዋታው እንዳለቀ፣ ሐሳቤ ሳይጠፋ፣ በየእርምጃው ምን አስቤ እንደ ነበር በአጠገቡ አሰፍራለሁ። ሦስተኛ፣ ከታመምሁበት ቦታ ተነሥቼ ወደ ኋላ በመሄድ የመጀመሪያውን ስሕተት እፈልጋለሁ። አራተኛ፣ ለስሕተቱ ስም እሰጠዋለሁ፤ «ችኮላ»፣ «ፍርሃት»፣ «ንቀት» እያልሁ በደብተሬ እመዘግባለሁ። አምስተኛ፣ ያገኘሁትን ለሌላ ሰው አሳያለሁ፤ ለራሱ የሚፈርድ ዳኛ ብዙ ጊዜ ያዳላልና።

ይህ የጀማሪ ሥራ ብቻ ነው የሚል ቢኖር የሶቪየቱን ሚኻይል ቦትቪኒክን ላስታውሰው። ቦትቪኒክ በሙያው የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1948 የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ሰንጠረዥ ተጫዋች የራሱን ጨዋታ መመርመርና ምርመራውንም ሌሎች እንዲተቹት ማሳተም አለበት እያለ ያስተምር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960 ወጣቱ ሚኻይል ታል ድል ነሥቶ ማዕረጉን ወሰደበት። ቦትቪኒክ ግን ሰበብ ሲደረድር አልተቀመጠም፤ ተዘጋጅቶ በሚቀጥለው ዓመት፣ ዕድሜው 50 ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ ታልን 13 ለ8 አሸንፎ ማዕረጉን አስመለሰ። ከእርሱ ዘንድ ከተማሩት መካከልም አናቶሊ ካርፖቭና ጋሪ ካስፓሮቭ ኋላ የዓለም ሻምፒዮን ሆነዋል።

ምናልባት «ዛሬ ኮምፒዩተር እያለ ይህ ሁሉ ድካም ምን ያደርጋል?» የሚል ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ1997 ዲፕ ብሉ የተባለው ኮምፒዩተር ካስፓሮቭን በ6 ጨዋታ 3 ተኩል ለ2 ተኩል አሸንፎታል። ዛሬም እንደ ስቶክፊሽ ያሉት ፕሮግራሞች ያለ ዋጋ በስልክ ላይ ይገኛሉ፤ ከማንኛውም ሰው ይበልጣሉ። እኔም እጠቀምባቸዋለሁ፤ ግን ራሴ መርምሬ ከጨረስሁ በኋላ ነው። ኮምፒዩተሩ የትኛው እርምጃ ስሕተት እንደ ሆነ ይነግረኛል፤ የተሳሳትሁት ቸኩዬ ይሁን ፈርቼ ግን ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። መልሱን አስቀድሞ ያየ ተማሪ ሒሳቡን የሠራ እየመሰለው እንደሚታለል ሁሉ፣ ይህም እንዲሁ ነው።

ወላጆቻችንና መምህራኖቻችን ሆይ፤ ብዙዎቻችን በቀይ ቀለም የታረመ የፈተና ወረቀት ሲመለስልን ማርኩን ብቻ አይተን አጥፈን እንሸሽገዋለን። ይህን ወረቀት በኪሳችን ባገኛችሁ ጊዜ አባቴ እንደ ጠየቀኝ «የተሳሳትኸው የት ላይ ነው?» ብላችሁ በትዕግሥት ጠይቁን። እኛም ሰበብ ትተን እውነቱን ለመመለስ እንድፈር።

 ለትምህርት ቤታችን ረጅም ዕድሜ እመኛለሁ።