የእርጥብ ግድግዳ ግምት



የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕጋችን በቁጥር 678 ካሣው አደጋው በደረሰበት ቀን ንብረቱ ከነበረው ዋጋ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ይህን ሁላችንም በቃል እናውቀዋለን፤ እንዳያንስ መጠንቀቁን ግን እንዘነጋለን።

የጭቃ ቤት ተቃጥሎ እሳቱ በውኃ ሲጠፋ፣ ግድግዳው በማግሥቱ ደኅና ይመስላል። ጭቃው የጠጣው ውኃ እየደረቀ ሲሄድ ግን ምርጊቱ ይሰነጠቃል፣ ይረግፋል፤ በክረምት ከሆነማ ማገሩ ውስጥ ለውስጥ ይበሰብሳል። አንድ ቀን ብቻ አይቶ የሚገምት ባለሙያ ያየው ጥላሸቱን ነው። እኔም በወጣትነቴ እንዲሁ ገምቻለሁ። የቤቱ እመቤት «ሌላ ጥያቄ የለኝም» ብለው ፈረሙ፤ ከዚያ በኋላ ግድግዳው ወደቀ። ፊርማው ሕጋዊ ነበርና ድርጅቱ አልከፈለም።

የምለምናችሁ ግድግዳው ደርቆ ሁለተኛ ሳይታይ ፊርማ እንዳትቀበሉ፣ እስከዚያውም ለጣሪያው ክዳን የሚሆን ከፊል ክፍያ እንድትሰጡ ነው።