የጣቢያው ሆቴል
በማኅበራችን የኢዮቤልዩ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር



አዘጋጆቹ ስለ ሀገር ቤት ጉዞ ጥቂት እንድናገር ስለ ጋበዙኝ፣ ይህችን ጅቡቲን ከአዲስ አበባ ባገናኘው በአሮጌው የባቡር መስመር ዳር ስላሉት የመንገደኛ ማረፊያዎች ላነሣ ወድጃለሁ።

እንደምታውቁት ሐዲዱ ከዚህ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ ደረሰ፤ አዲስ አበባ የገባው ግን በ1917 ነው። በመጀመሪያዎቹ ዘመናት ባቡሩ የሚሄደው በቀን ብቻ ስለነበር፣ 784 ኪሎ ሜትሩ ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር። ተሳፋሪው አንድ ሌሊት ድሬዳዋ፣ አንድ ሌሊት አዋሽ ያድራል። የጣቢያ ሆቴሎቹን የወለዳቸው ይህ አዳር ነው። ወፍራሙ ግድግዳ፣ ከፍ ያለው ጣሪያና ሰፊው በረንዳም የቆላውን ሙቀት መከላከያ ነበሩ።

በኋላ ፈጣኖቹ ሊቶሪናዎች መጡ፤ የመኪናው መንገድም ተሻሻለ። የአሮጌው ባቡር አገልግሎት እየተቆራረጠ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ደግሞ የራሱ ሐዲድ አለው፤ ጣቢያዎቹም በአብዛኛው ከከተሞቹ ወጣ ብለው ተሠርተዋል። እንግዲህ ማረፊያዎቹ እንግዳ ያጡት ሰው ጠልቷቸው ሳይሆን መንገዱ ስለ ተለያቸው ነው።

ከዓመታት በፊት ከነዚህ ቤቶች በአንዱ አድሬአለሁ፤ ስሙን መጥራት አያስፈልግም። ቧንቧው ስለማይሠራ የመታጠቢያ ውሃ በባልዲ መጣልኝ። የበሩ ማጠፊያ ወልቋል፤ የጣሪያውን ጣውላ ምስጥ በልቶታል። አንሶላው ግን ታጥቦ የተተኮሰ ነበር፤ ቡናውም በሰዓቱ ቀረበ። ቤቱን የሚጠብቁትን እናት «እማማ፣ ለምን አይታደስም?» ብላቸው፣ «ልጄ፣ የሚያድርበት ሳይኖር በምን ገንዘብ?» አሉኝ።

ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። እኛ «ሲታደስ እናድርበታለን» እንላለን፤ ባለቤቱ «ሲያድሩበት አድሰዋለሁ» ይላል። ሁለታችንም ስንጠባበቅ ጣሪያው ይወድቃል።

ዕድሳት ሲባልም ቀለም መቀባት ብቻ አይምሰለን። አሮጌ ቤት መጀመሪያ የሚፈልገው የማያፈስ ቆርቆሮና የተጠረገ አሸንዳ ነው። በኖራ የተለሰነ የድንጋይ ግድግዳ በስሚንቶ ሲሸፈን እርጥበቱ መውጫ አጥቶ ውስጥ ለውስጥ ያበላሸዋል። ስለዚህ ብዙ ገንዘብ አውጥቶ ከማበላሸት፣ በየዓመቱ ጥቂት በጥቂት መጠገን ይሻላል።

ወገኖቼ፣ ከመካከላችን አባቶቻቸው በዚያ መስመር የሠሩ፣ እናቶቻቸው በየጣቢያው የነገዱ ብዙዎች አሉ። ልጆቻችን ግን ያንን ሀገር የሚያዩት በአውሮፕላን መስኮት ነው። ስለዚህ ሁለት ነገር እለምናችኋለሁ። ወደ ሀገር ቤት ስትሄዱ ከነዚህ ቤቶች በአንዱ አንድ ሌሊት ከነልጆቻችሁ እደሩ፤ የጎደለውን አይታችሁ ለባለቤቱ በትሕትና ንገሩ፣ ሒሳቡን ግን ሳትከራከሩ ክፈሉ። በየቤታችሁ ያለውን የጣቢያ ፎቶግራፍም ማን፣ የት፣ መቼ እንደሆነ ከጀርባው ጽፋችሁ ለማኅበሩ ስጡ። የሚያውቁት ሽማግሌዎች ዛሬ ከመካከላችን ተቀምጠዋልና ጠይቋቸው።

ማኅበራችንን ለሚቀጥለው ኢዮቤልዩ ያድርስልን።