ስለ ኮሶ አበባ ለመምህራንና ለአገር ሽማግሎች የተደረገ ንግግር



ዛሬ የምነግራችሁ ሁላችን ስለምናውቀው ስለ ኮሶ አበባ ነው። አባቶቻችን በሽታውንም መድኃኒቱንም በአንድ ስም ኮሶ ብለው ጠርተዋል፤ መራራ ነገርንም ሁሉ በእርሱ መስለዋል። እኔም ከእነርሱ እግር ሥር የተማርሁ ነኝና አበባውን ለማቃለል አልመጣሁም። ሊቃውንት መርምረው ያገኙትን ሰምተን፥ ከልማዳችን የሚጠቅመውን ከሚጎዳው እንድንለይ ብዬ ነው እንጂ።

የኮሶ ዛፍ የደጋ ዛፍ ነው። ወንዱና ሴቴው ለየብቻ ይበቅላሉ፤ ለመድኃኒት የሚመረጠውም ወደ ቀይ የሚያደላው የሴቴው አበባ ነው። አበባው ደርቆ ይፈጫል፤ በውሃ ወይም በጠላ ተበጥብጦም በማለዳ በባዶ ሆድ ይጠጣል። በልጅነቴ ፊደል ስቈጥር፥ የኔታ ኮሶ በጠጡ ቀን ትምህርት አይኖርም ነበርና ያን ቀን በናፍቆት እንጠብቀው ነበር። ቀኑም በየሁለት ወሩ ይመለስ ነበር። ይህን የሁለት ወር ልማድ በልባችሁ ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

አበባው በውጭ አገር ሊቃውንት ዘንድ ከታወቀ ብዙ ዘመን ነው። ዘመኑን በአውሮፓ አቈጣጠር ልናገር። በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ስለ ዛፉ በመጽሐፉ ጽፎአል። ቀጥሎም በቍስጥንጥንያ የነበረ ብራየር የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም የኮሶን ፈዋሽነት ለአገሩ ሰዎች አስታወቀ፤ ኩንት የተባለው የዕፀዋት ሊቅም ዛፉን በዚህ ሐኪም ስም ሰየመው። በዚያው መቶ ዓመት አበባው በእንግሊዝ የመድኃኒት መጽሐፍ ገባ። የኬሚስትሪ ሊቃውንትም አበባውን ፈትነው ኮሲንና ኮሶቶክሲን የሚባሉትን ነገሮች አወጡ፤ ትሉን የሚጎዳው ኃይል በእነዚህ ውስጥ ነው። እንግዲህ አባቶቻችን ያን መራራ ነገር የጠጡት በከንቱ አልነበረም።

አበባው ይህን ያህል የሚሠራ ከሆነ በየሁለት ወሩ መጠጣት ስለ ምን አስፈለገ? ምሥጢሩ በትሉ አፈጣጠር ነው። የኮሶ ትል ርዝመቱ ከ4 እስከ 10 ሜትር ይደርሳል፤ ራሱ ግን ከሰናፍጭ ቅንጣት አይበልጥም። በዚህች ራስ ላይ ባሉት አራት መምጠጫዎች አንጀትን ይዞ ይኖራል፤ አዲሱም አካል ሁሉ ከራሱ ሥር ካለው አንገት ይበቅላል። አበባው ረጅሙን አካል ሲያወርድ ራሱ ብዙ ጊዜ በስፍራው ይቀራል። የቀረውም ራስ እንደገና አድጎ፥ ከሁለት እስከ ሦስት ወር በሚሆን ጊዜ ቍራጩ ዳግመኛ ይታያል። ስለዚህ ልማዳችን ስለ አበባው ሁለት ነገር ይመሰክራል፤ አንደኛው እንደሚሠራ፥ ሁለተኛውም ፈጽሞ እንደማይጨርስ።

ከዚህ የሚከፋው የመጠኑ ነገር ነው። የአበባው ኃይል አንዱ ከአንዱ አይተካከልም፤ እፍኝ ደግሞ ሚዛን አይደለም። መጠኑ ሲበዛ ብርቱ ትውከት፥ ቍርጠትና ድካም ያመጣል፤ ነፍሰ ጡርን ያስወርዳል፤ የዓይንንም ብርሃን ይጎዳል። አብሮኝ ይማር የነበረ አንድ ልጅ የጠጣውን ኮሶ አስመለሰው፤ ታላላቆቹም አልሠራለትም ብለው ደግመው አጠጡት። በማግስቱ መጽሐፉን ገልጦ፥ ፊደሉ ጭጋግ ሆነብኝ አለ። ከዚያ ወዲህ ዓይኑ እንደ ቀድሞው አልሆነለትም፤ ትምህርቱም በዚያው ቀረ። ያጠጡት ሰዎች የሚወዱት ነበሩ፤ ያጡት ፍቅርን ሳይሆን ሚዛንን ነው።

ዛሬ ግን በሚዛን የሚሰጥ መድኃኒት አለ። ኒክሎሳማይድና ፕራዚኳንቴል የሚባሉት መድኃኒቶች ብዙውን ጊዜ በአንድ ቀን መጠን ትሉን ከነራሱ ይገድሉታል። ከጤና ጣቢያ ሄዶ በባለሙያ ትእዛዝ መውሰድ ይገባል።

ነገር ግን ከመዳን አለመታመም ይሻላል። ኮሶ ያለበት ሰው በሜዳ ሲጸዳዳ የትሉ እንቍላል በሣር ላይ ይወድቃል፤ ከብቱ ሣሩን ይግጣል፤ ከእንቍላሉም የወጣው እጭ በከብቱ ሥጋ ውስጥ ይቀመጣል፤ ሰውም ጥሬውን ሥጋ በልቶ ይይዘዋል። ሥጋው እስከ ውስጡ ቢበስል እጩ ይሞታል፤ ሁሉም በመጸዳጃ ቤት ቢጠቀም ደግሞ ከብቱ እንቍላሉን አያገኝም። የክቡን መንገድ ከሁለቱ በአንዱ መቍረጥ ይቻላል።

መምህራን ሆይ፤ ይህን ክብ በሰሌዳ ላይ ሥላችሁ ለልጆቹ አሳዩአቸው። ሽማግሎች ሆይ፤ የእናንተ ቃል በየቤቱ ይሰማልና፥ ለሕፃንና ለነፍሰ ጡር ኮሶ እንዳይሰጥ ከልክሉልን። ዛፉንም አትቍረጡት፤ ልጆቻችንም ከጥላው ሥር ተቀምጠው፥ አባቶቻቸው ከሊቃውንት ፈተና አስቀድመው በአበባው መድኃኒት እንዳለ ማወቃቸውን ይማሩ። የእኛ ፋንታ አባቶቻችን በጀመሩት ዕውቀት ላይ ሚዛኑን መጨመር ነው።