ብርድ የማይገድለው ትል
(ስለ አውሬ ሥጋና ስለ ማቀዝቀዣ የተደረገ ንግግር)



ሥጋ በማቀዝቀዣ ውስጥ ከሰነበተ ከደዌ ሁሉ ይነጻል የሚል እምነት በብዙ አገር ይገኛል። እምነቱ ከፊል እውነት አለው፤ ነገር ግን ከፊል እውነት በማዕድ ላይ ሲቀርብ ጉዳት ያመጣል።

በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2022 ዓ.ም. በአሜሪካ በሳውዝ ዳኮታ ዘጠኝ ዘመዳሞች ተሰብስበው ሳለ፥ በሰሜን ካናዳ የታደነ የጥቁር ድብ ሥጋ ተጠብሶ ቀረበላቸው። ሥጋው 45 ቀን በማቀዝቀዣ ቆይቶ ነበር። መልኩ ጠቆር ያለ ስለሆነ መብሰሉን ለመለየት አስቸገረ፤ መበላት ከጀመረ በኋላም አለመብሰሉ ታውቆ እንደገና ተጠበሰ። ሆኖም ስድስት ሰዎች ታመሙ፤ ሦስቱም ሆስፒታል ገቡ። ከስድስቱ ሁለቱ ከሥጋው ጋር የተጠበሰውን አትክልት እንጂ ሥጋውን አልቀመሱም ነበር። የተረፈው ሥጋ በተመረመረ ጊዜ፥ ከ15 ሳምንት በላይ በብርድ ከቆየ በኋላ እንኳ ትሉ ሲንቀሳቀስ ተገኘ።

ይህ ትል ትሪኪኔላ ይባላል። እጭ ሆኖ በእንስሳው ጡንቻ ውስጥ ይኖራል፤ ሥጋው ሲበላ በሰው አንጀት ውስጥ ይራባል። ልጆቹም በደም ተጉዘው ጡንቻ ውስጥ ይገባሉ፤ በዚህም ትኩሳት፥ ብርቱ የጡንቻ ሕመምና የዓይን ዙሪያ እብጠት ይከተላል።

ትሪኪኔላ ብዙ ዓይነት ነው። በአሳማ የሚገኘው ዓይነት፥ ውፍረቱ ከ15 ሳንቲሜትር ያልበለጠ ሥጋ ከዜሮ በታች በ15 ዲግሪ ሦስት ሳምንት ቢቀመጥ ይሞታል። በሰሜን ዋልታ አካባቢ በድብና በቀበሮ የሚኖረው ግን ከብርዱ ጋር የተላመደ ስለሆነ ይህን ሁሉ ይችላል።

በአገራችን የታወቀው የከብት ሥጋ ኮሶ ደግሞ ሌላ ትል ነው፤ እጩ ከዜሮ በታች በ10 ዲግሪ ቢያንስ ለ10 ቀናት ቢቀመጥ ይሞታል። እንግዲህ የብርድ ኃይል እንደ ትሉ ዓይነት ይለያያል፤ ሥጋውን በዓይን አይቶ ግን ትሉን መለየት አይቻልም።

ሁሉንም የሚያሸንፈው እሳት ነው። የአውሬ ሥጋ እስከ መካከሉ 74 ዲግሪ እስኪደርስ ይብሰል። ጨው፥ ጭስና ማድረቅ አይታመኑም። ጥሬ ሥጋ የነካው ቢላዋና ዕቃ ሳይታጠብ ሌላ ምግብ አይንካ፤ አትክልቱም ለብቻው ይጠበስ። ማቀዝቀዣ ሥጋን ከመበስበስ ይጠብቃል፤ የምድጃን ሥራ ግን አይተካም።