ለመጻጉዕ ሰው እንሁንለት

(በመጻጉዕ እሑድ ለማኅበራችን አባላት የተደረገ ንግግር)



 ማኅበራችን የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ቤት ነው። ዛሬ የምናገረው ስለ አንዱ ጾም ቢሆንም ነገሩ ግን ሁላችንንም የሚነካ ይመስለኛል።

ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ዛሬ 21ኛው ቀን ነውና 34 ቀን ይቀረናል። ቤተ ክርስቲያን በዚህ ወራት ከበሮውንና ጸናጽሉን አስቀምጣ በመቋሚያ ብቻ ታዜማለች። ሰንበቶቹም ከቅዱስ ያሬድ ጾመ ድጓ የተወሰደ ስም አላቸው፤ ከዘወረደ ጀምሮ እስከ ሆሳዕና 8 ናቸው። የዛሬው መጻጉዕ ይባላል፤ በሽተኛ ማለት ነው።

ታሪኩ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ይገኛል። በኢየሩሳሌም በበጎች በር አጠገብ ቤተ ሳይዳ የምትባል መጠመቂያ ነበረች። ውኃው ሲናወጥ ቀድሞ የገባ ይፈወሳል ስለሚባል ብዙ ሕሙማን በዚያ ተኝተው ይጠብቁ ነበር። አንዱ ከታመመ 38 ዓመት ሆኖታል። ጌታ መዳን ይፈልግ እንደሆነ ሲጠይቀው ሰውዬው ስለ በሽታው አላወራም። ወደ ውኃው የሚያወርደው ሰው እንደሌለው ነው የተናገረው። ልብ በሉ፤ ቦታው በሰው የተሞላ ነበር። እርሱ ያጣው የእኔ የሚለውን አንድ ሰው ነው።

ይህ ወንጌል ሲነበብ እኔ አንገቴን እደፋለሁ። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ጾሙን አጥብቄ ይዤ ነበር። እስከ ቀኑ 9 ሰዓት እህል አልቀምስም። ዳቦ ስገዛ እንኳ ወተት እንዳይኖርበት በላዩ የተጻፈውን ሁለት ጊዜ አነብ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ወንድማችን በስልኬ መልእክት ተወልኝ፤ ሲመችህ ደውልልኝ የሚል ነው። የሌሊት ሥራ የሚሠራ፣ ብቻውን የሚኖር ልጅ ነው። ከቅዳሴ በኋላ እደውላለሁ አልሁ፤ ከዚያ ቅዳሜ አልሁ፤ ከዚያም ረሳሁት።

ለካስ በዚያ ሰሞን ሆስፒታል ተኝቶ ኖሯል። የሰማሁት ከወጣ በኋላ ነው። ቤቱ ሄጄ ይቅርታ ስጠይቀው፣ «ጋሼ፣ ሥራ ይበዛብሃል ብዬ ነው ደግሜ ያልደወልሁት» አለኝ። ቀጥሎ የነገረኝ ግን እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም። ሆስፒታል ሲገባ የሚሞላ ቅጽ ሰጡት። በችግር ጊዜ የሚጠራ ሰው ስምና ስልክ የሚል መስመር አለበት። ያንን መስመር ባዶ ተወው። ከዚህ አዳራሽ 15 ደቂቃ በማይርቅ ቤት የሚኖር፣ መዋጮውን በየወሩ የሚከፍል አባላችን ነው እንግዲህ!

እኔ በዳቦ ላይ ያለውን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ ሳነብ የወንድሜን መልእክት አንድ ጊዜ ሰምቼ ተውሁት። ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 58 እግዚአብሔር የሚወደው ጾም ለተራበ እንጀራን ማካፈል፣ መጠጊያ የሌለውን ወደ ቤት ማስገባት እንደሆነ ያስተምራል። ከሥጋና ከወተት መከልከሉ ይቅር ማለቴ አይደለም፤ የአባቶቻችን ሥርዓት ነው፣ ሰውነትንም ይገራል። ነገር ግን ሆድ ሲጾም ዓይንና ጆሮ ለወንድም ካልተከፈተ ጾሙ እኩሌታ ሆኖ ይቀራል።

ስለ ማኅበራችንም አንድ ነገር ልናገር፤ አትቀየሙኝ። በ10 ዓመት ውስጥ በኀዘን ጊዜ አልተማማንም። ሰው ሲሞት በአንድ ሌሊት ገንዘብ እናሰባስባለን፤ አስከሬን ወደ አገር እንሸኛለን፤ ድንኳን ባይኖር አዳራሽ ተከራይተን እናስተዛዝናለን። ይህ ከእድራችን የወረስነው ደግ ልማድ ነው፤ ይቀጥል። ግን በሕይወት ሳለ በሩን ያላንኳኳንለትን ሰው ሲሞት 200 ሆነን ብንሸኘው ምን ይጠቅመዋል?

ስለዚህ በቀሩት 34 ቀናት ሦስት ነገር እንድናደርግ እለምናችኋለሁ። አንደኛ፣ ማታ ለጸሎት ስንቆም ብቻቸውን የሚኖሩ ሦስት ሰዎችን በስም እናስብ። ሁለተኛ፣ በስም ከጠራናቸው ለአንዱ በማግሥቱ እንደውል፤ የተጸለየለት ሰው ድምፃችንንም ይስማ። ሦስተኛ፣ በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ መዝገብ አስቀምጫለሁ። በዚያ ቅጽ ላይ የሚጽፈው ሰው የሌለው፣ ሳያፍር ስሙን ያስመዝግብ። ለሌላው ተጠሪ ለመሆን ፈቃደኛ የሆነም ስሙንና ስልኩን ይጻፍ። ክርስቲያን ሙስሊም ሳንል እናገናኛቸዋለን። የመጀመሪያውን መስመር እኔ ሞልቻለሁ። ያ ወንድማችንም ፈቅዶልኝ ነው ይህን የተናገርሁት፤ ሁለተኛው ስም የእርሱ ነው።

ጌታ ያንን በሽተኛ አልጋህን ተሸክመህ ሂድ ብሎ አሰናበተው። እኛ እንዲህ ያለ ሥልጣን የለንም። አልጋው አጠገብ መቀመጥ ግን እንችላለን።

አምላካችን ጾሙን የበረከት ያድርግልን። በየሆስፒታሉና በየብቸኛ ክፍሉ ያሉትን ይጎብኝልን፤ አገራችንን በሰላም ይጠብቅልን፤ ለብርሃነ ትንሣኤውም በጤና ያድርሰን። አሜን።